«ተልኳል» የሚባለው መቼ ነው? ከቤት የሚወጣ ኢሜይል፣ የዜጎች አገልግሎትና ቆሼ

በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝገብ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ገቢ ደብዳቤ ከየትም ይምጣ አቀባበሉ ቀላል ነው፤ ቀንና ቁጥር ይሰጠዋል፣ ወደሚመለከተው ክፍል ይመራል። ወጪ ደብዳቤ ግን ጥያቄ ይበዛበታል። ማን ፈረመው? ማኅተም አርፎበታል? የወጪ ቁጥር ተሰጥቶታል? ቀሪው ከፋይሉ ጋር ተያይዟል? እነዚህ ጥያቄዎች እስኪመለሱ ድረስ ደብዳቤው ተጽፎ ያለቀ ቢሆንም አልወጣም፤ ለባለጉዳዩም «ልከናል» ማለት አይቻልም።

ኢሜይልም የሚመራው ከዚህ ብዙም በማይርቅ ሥርዓት ነው። መንግሥታዊ አገልግሎቶች ወደ ዲጂታል አሠራር በመሸጋገር ላይ ባሉበት በአሁኑ ወቅት፣ ዜጎች የሥራ ማመልከቻ፣ ቅሬታና የማስረጃ ሰነድ በኢሜይል እንዲልኩ የሚጠየቁበት አጋጣሚ እየበዛ መጥቷል። ይሁን እንጂ ኢሜይል መቀበል የቻለ ሁሉ መላክ ችሏል ማለት አይደለም። መላክ ራሱን የቻለ አቅም ነው፤ የላኪውን ማንነት፣ የተላከበትን ጊዜና በላኪው እጅ የሚቀረውን ቅጂ ይመለከታል።

ጉዳዩ በተለይ ጎልቶ ከሚታይባቸው የመዲናዋ አካባቢዎች አንዱ በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቆሼ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ ሆኖ የኖረውን የረጲን ክምር ተጠግተው የሚኖሩና ከክምሩ የሚጠቅም ዕቃ በመልቀም የሚተዳደሩ ሰዎች ያሉበት አካባቢ በመሆኑ፣ አገልግሎት በኮምፒውተር ብቻ ሲሰጥ መጀመሪያ ወደኋላ የሚቀረው ማን እንደሆነ ለመገመት አያስቸግርም። እንዲህ ባለ አካባቢ ለሚኖር ዜጋ «በኢሜይል ይላኩ» የሚለው ማስታወቂያ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ወደኋላ መመለስ ይጠቅማል።

የፖስታ ሣጥን ውርስ

በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የተመሠረተው የአገራችን የፖስታ አገልግሎት ሲሠራበት የኖረው በአብዛኛው ደብዳቤን በየቤቱ በማዳረስ ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ሣጥን የሌለው ሰው በመሥሪያ ቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ወይም በዘመዱ ሣጥን ይገለገላል፤ በፖስታው ላይም «በእገሌ በኩል» ተብሎ ይጻፍለታል። ሣጥን መዋዋስ ለዘመኑ ጠቃሚ መፍትሔ ነበር። ደብዳቤ ለመላክ ደግሞ ሣጥን አያስፈልግም፤ ቴምብር የገዛ ሁሉ መላክ ይችላል። በፖስታ ዘመን የሚያስቸግረው መቀበል ነበር።

በኢሜይል ነገሩ ተገላበጠ። አድራሻ ያለው ሰው ከማንኛውም የዓለም ክፍል መልእክት ይደርሰዋል፤ መልስ ለመላክ ግን የወጪ ሰርቨር የሚባለው ተቋም ሊያውቀውና ሊቀበለው ይገባል። የዚህ መገላበጥ ምክንያት የሚገኘው ኢሜይል በስልክ መስመር ይላክ በነበረበት ዘመን ነው።

በስልክ መስመር የወጣው ደብዳቤ

ኢሜይል አዲስ አበባ የገባው ከኢንተርኔት ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው የመረጃ ሥርዓት ፕሮጀክት (ፓዲስ) መልእክቶችን አጠራቅሞ በስልክ ወደ ውጭ አገር በመደወል ያስተላልፍ ነበር። የዚያን ጊዜ ተጠቃሚ መልእክቱን ጽፎ ያስቀምጣል፤ መልእክቱ የሚወጣው ቀጣዩ ጥሪ ሲደረግ ነው። በ1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀምር ከቤት ኮምፒውተር መላክ የሚቻልበት በር ተከፈተ።

አሠራሩ ዳያል አፕ ይባላል። ኮምፒውተሩ ሞደም በተባለ መሣሪያ አማካይነት በቤቱ የስልክ መስመር ይደውላል፤ ከወዲያኛው ጫፍ ሌላ ሞደም ያነሳል። ግንኙነቱ እስኪቋረጥ ድረስ የቤቱ ስልክ ለሌላ ጥሪ አይሆንም፤ መስመሩ በቆየ ቁጥርም ሒሳቡ ይጨምራል። በመሆኑም የዘመኑ የኢሜይል ፕሮግራሞች የተሠሩት ደብዳቤውን ግንኙነት ሳይኖር ጽፎ ለመጨረስ በሚያስችል መንገድ ነበር። የተጻፈው ሁሉ በወጪ ሣጥን ይጠራቀማል፤ ግንኙነት ሲፈጠር በአንድ ጊዜ ይላካል፤ ወዲያው መስመሩ ይዘጋል። ይህን ያልተረዳ ተጠቃሚ «ላክ» የሚለውን ተጭኖ ኮምፒውተሩን ያጠፋና ደብዳቤው እንደሄደ ያምን ነበር። ደብዳቤው ግን ከቤቱ አልወጣም።

ገቢው ገብቶ ወጪው ለምን ይመለሳል?

በቤት ኮምፒውተር ኢሜይል ያዘጋጀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ችግር ይህ ነው፤ መልእክት ይደርሰዋል፣ የሚልከው ግን ይመለስበታል። ምክንያቱ ገቢና ወጪ በሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች የሚሠሩ መሆናቸው ነው። ገቢው ፖፕ ወይም አይማፕ በተባለ ሥርዓት ከሰርቨር ይወርዳል፤ ይህ ከመጀመሪያው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ወጪው የሚሄደው ግን ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 ባዘጋጀው ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. በተባለ ሥርዓት ሲሆን፣ ይህ ሥርዓት ሲነደፍ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረውም። ተጠቃሚዎቹ ጥቂት በነበሩበት ዘመን ሰርቨሩ የመጣለትን ሁሉ ያስተላልፍ ነበር።

ኢንተርኔት ለሕዝብ ሲከፈት ይህ መተማመን ፈረሰ። ያልተፈለጉ የማስታወቂያና የማጭበርበሪያ መልእክቶችን በብዛት የሚልኩ ሰዎች በሌሎች ተቋማት ሰርቨር መጠቀም ሲጀምሩ፣ አገልግሎት ሰጪዎች የወጪ ሰርቨራቸውን ለራሳቸው ደንበኞች ብቻ ወሰኑ። መዝገብ ቤት የሌላ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የወጪ ቁጥር እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ሰርቨሩም በራሱ መስመር ያልመጣን ላኪ መመለስ ጀመረ።

የቤት ተጠቃሚው ችግር ላይ የሚወድቀው በዚህ መካከል ነው። አድራሻው የመሥሪያ ቤቱ ወይም የውጭ አገር አገልግሎት ሰጪ ሊሆን ይችላል፤ የደወለበት የስልክ መስመር ግን የሌላ ድርጅት ነው። በወጪ ሰርቨር ቦታ የአድራሻውን ባለቤት ሰርቨር ሲጽፍ «አላስተላልፍም» የሚል መልስ ያገኛል። መፍትሔው ሁለት ነበር። አንደኛው በወጪ ሰርቨር ቦታ የግንኙነቱን አገልግሎት ሰጪ ሰርቨር መጻፍ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1999 መደበኛ ሥርዓት የወጣለት የላኪ ማረጋገጫ ነው፤ በፕሮግራሙ ማስተካከያ ውስጥ «የወጪ ሰርቨሬ ማረጋገጫ ይጠይቃል» የሚለውን መርጦ ስምና የይለፍ ቃል መስጠት። ከዚህ ጋር የፖርት ቁጥርም ተለወጠ። 25 ቁጥር ሰርቨሮች እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት ሆኖ ሲቀር፣ ደንበኛ ከቤቱ የሚልክበት 587 ሆነ፤ ምስጢራዊነቱ ከመጀመሪያው የተጠበቀ ግንኙነት ለሚፈልግ ደግሞ 465 አለ።

ይህ የቀድሞ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ጎግል እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2022 መጨረሻ ጀምሮ የግል አድራሻ ያላቸው ተጠቃሚዎች በስምና በይለፍ ቃል ብቻ በአሮጌ ፕሮግራሞች እንዳይገቡ አድርጓል። በመሆኑም አሮጌ ኮምፒውተር በስጦታ ወይም በርካሽ ዋጋ ያገኘ ቤተሰብ በቀድሞው ፕሮግራም ኢሜይል ለመላክ ቢሞክር፣ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ይከለከላል። አድራሻውን በኢንተርኔት ማሰሻ ከፍቶ መላክ፣ ወይም የሁለት ደረጃ ማረጋገጫን አብርቶ ለፕሮግራሙ የሚሆን ልዩ የይለፍ ቃል ማውጣት ይኖርበታል።

የፎቶ ክብደትና የፊደል ዋጋ

በዳያል አፕ ዘመን ለመላክ የሚወስደው ጊዜ ለመቀበል ከሚወስደው ይበልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ፈጣኑ የሞደም ደረጃ ሲቀበል በሰከንድ እስከ 56 ሺህ ቢት ሲያስተናግድ፣ ሲልክ ግን ከ33,600 አይበልጥም። አባሪ ፋይል ለኢሜይል ጉዞ ሲዘጋጅ መጠኑ በሲሶ ገደማ ስለሚጨምር፣ አንድ ሜጋባይት የሆነ የሰነድ ፎቶ በዚህ ፍጥነት ለመውጣት ከአምስት ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። በመካከል መስመሩ ከተቋረጠ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል።

ጽሑፍ ግን ቀላል ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሁለት ሺህ ፊደላት ያሉት የአንድ ገጽ ማመልከቻ ለጉዞ ከተዘጋጀ በኋላ እንኳ ከስምንት ሺህ ባይት ገደማ አይዘልም፤ በዚያው ሞደም በሁለት ሰከንድ ያህል ይወጣል። ይህ ልዩነት ዛሬ በሞባይል ዳታ ጥቅል ለሚገለገል ቤተሰብ የብር ልዩነት ነው። በጽሑፍ ሊቀርብ የሚችል ማመልከቻ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ፎቶ ተነሥቶ እንዲላክ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ሳያስበው የአገልግሎቱን ወጪ ባለጉዳዩ ላይ ይጥላል።

በእርግጥ በአማርኛ ጽፎ መላክ ለረጅም ጊዜ ራሱ ችግር ነበር። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም የራሱ የፊደል አቀማመጥ ስለነበረው፣ ተቀባዩ ያው ፕሮግራም ከሌለው ደብዳቤው ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይደርሰዋል። ብዙዎች አማርኛን በላቲን ፊደል ለመጻፍ የተገደዱት፣ ወይም የተጻፈውን ገጽ እንደ ሥዕል ለመላክ የተነሡት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ይህ እንቅፋት በአብዛኛው ተወግዷል። በአማርኛ የተጻፈ ኢሜይል በተራ ስልክም በኮምፒውተርም ይነበባል፤ ማመልከቻን በፎቶ መልክ የመጠየቅ ልማድ ግን አብሮ አልተወገደም።

በተውሶ አድራሻ የሚላክ ማመልከቻ

ኮምፒውተር በቤቱ የሌለው ባለጉዳይ ወደ ኢንተርኔት ካፌ ወይም የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት ወደሚሰጥ ሱቅ ይሄዳል። አንድ የቆሼ ነዋሪ ለሥራ ቅጥር ማመልከት ፈለገ እንበል። የሱቁ ሠራተኛ ማመልከቻውን ይጽፍለታል፤ አድራሻ ከሌለው በሱቁ ኢሜይል ይልክለታል፤ ወይም በሠራተኛው ስልክ ቁጥር አዲስ አድራሻ ይከፍትለታል። ሥራው በደቂቃዎች ያልቃል፤ ባለጉዳዩም አመስግኖ ይሄዳል።

ችግሩ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ለፈተና የሚጠራው መልስ የሚደርሰው ለሱቁ ነው። የይለፍ ቃሉ ቢጠፋ የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው ወደ ሠራተኛው ስልክ ነው፤ ሠራተኛው ሥራ ከለቀቀ አድራሻው አብሮት ሄደ ማለት ነው። ባለጉዳዩ ያያያዛቸው የትምህርትና የመታወቂያ ሰነዶችም ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ይቀራሉ። የፖስታ ሣጥን የተዋሰ ሰው የተዋሰው መቀበያ ብቻ ነበር፤ ኢሜይል የተዋሰ ሰው ግን ፊርማውንም ጭምር ለሌላ አሳልፎ ይሰጣል። በዚያ አድራሻ የተላከ ሁሉ በእርሱ ስም የተላከ ይመስላልና።

በዚህ ረገድ የሕግ ጥበቃ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ በሚይዙ አካላት ላይ ግዴታ ይጥላል። ይሁንና ባለጉዳዩ አድራሻውን በራሱ ስልክ ቁጥር ቢያስከፍት፣ የይለፍ ቃሉን ራሱ ቢጽፍና ከሱቁ ሲወጣ ከአድራሻው ወጥቶ ቢዘጋ፣ ወደ ክርክር ሳይገባ ይድናል።

«ልኬ ነበር» እና «አልደረሰንም»

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ዕውቅናው ከተሰጠ ዘንድ መልእክቱ መቼ ተላከ፣ መቼ ደረሰ የሚለው ጥያቄ ክብደት ያገኛል፤ የማመልከቻ ጊዜ ገደብ በሰዓት የሚቆጠር ነውና። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሞዴል ሕግ ለዚህ ግልጽ መለኪያ አስቀምጧል። ተዋዋዮች በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር መልእክት ተላከ የሚባለው ከላኪው ቁጥጥር ውጭ ወደሆነ የመረጃ ሥርዓት ሲገባ ነው። ተቀባዩ መቀበያ አድራሻ ከወሰነ ደግሞ ደረሰ የሚባለው ወደዚያ ሥርዓት ሲገባ ነው።

በዚህ መለኪያ በወጪ ሣጥን የተቀመጠ ደብዳቤ አልተላከም፤ የማመልከቻው ጊዜ በዚያ ሌሊት ካበቃ ሊታረም የማይችል ኪሳራ ነው። ከቤቱ የወጣ ደብዳቤም ቢሆን ወዲያው ይደርሳል ማለት አይደለም። የተቀባዩ ሰርቨር ካልሠራ የላኪው ሰርቨር ደጋግሞ ይሞክራል፤ በመደበኛው ሥርዓት ይህ ሙከራ ቢያንስ ለአራትና አምስት ቀናት ሊቀጥል ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ለላኪው አለመድረሱ የሚነገረው። ባለጉዳዩ መልእክቱ «የተላኩ» በሚለው ማኅደር ውስጥ መኖሩን ሊያረጋግጥ፣ በሚቀጥሉት ቀናትም የተመለሰ መልእክት እንዳለ ሊመለከት ይገባል። በመጨረሻው ሰዓት መላክም የማይመከረው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል መሥሪያ ቤቶችም ድርሻ አላቸው። መልእክት ወደተወሰነው አድራሻ ሲገባ ደረሰ የሚባል ከሆነ፣ ሣጥኑ ሞልቶ ወይም ተከታታይ ሳይመደብለት የቀረ አድራሻ በማስታወቂያ ላይ መጻፍ ዜጋን ከተዘጋ በር ፊት ማቆም ነው። በወረቀት የመጣ ደብዳቤ የገቢ ቁጥር እንደሚሰጠው ሁሉ በኢሜይል የመጣውም የገቢ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት ለላኪው ሊነገረው ይገባል። ከቆሼ ተነሥቶ ሁለት ታክሲ ይዞ የመጣ ባለጉዳይ የሚይዘው ማስረጃ ይህ ቁጥር ነው።

ቀሪው የት ይቀመጣል?

የመዝገብ ቤቱ የመጨረሻ ጥያቄ ስለ ቀሪው ነበር። በዳያል አፕ ዘመን የተለመደው ፖፕ ገቢ መልእክትን ወደ ቤት ኮምፒውተር ካወረደ በኋላ ከሰርቨሩ ይሰርዛል፤ የተላከው ደብዳቤ ቀሪም የሚቀመጠው በዚያው ኮምፒውተር ነው። መስመር ላይ መቆየት ውድ በነበረበት ጊዜ ይህ ተገቢ ነበር። ጉዳቱ አንድ ቤተሰብ የተጻጻፈው ሁሉ በአንድ ዕቃ ላይ መንጠልጠሉ ነው። አይማፕና በማሰሻ የሚከፈቱ የኢሜይል አገልግሎቶች ግን ቀሪውን በሰርቨር ስለሚያቆዩ ባለቤቱ ከሌላ መሣሪያም ያገኘዋል።

በቆሼ ይህ ልዩነት ተራ የቴክኒክ ጉዳይ ሆኖ አይታይም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ቤቶችም ከነንብረታቸው ተቀብረዋል። ከሰው ሕይወት ጋር የሚነጻጸር ነገር የለም። ይሁንና ከእንዲህ ዓይነት አደጋ የተረፈ ሰው በማግሥቱ ማንነቱን፣ ነዋሪነቱን፣ የልጆቹን የትምህርት ማስረጃ እንዲያሳይ መጠየቁ አይቀርም፤ ቤት ሲቀበር ደግሞ ወረቀትም አብሮ ይቀበራል። የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የትምህርት ማስረጃውንና የነዋሪነት መታወቂያውን ቅጂ ወደ ራሱ አድራሻ የላከ ሰው ዋናውን ሰነድ አይተካለትም፤ የሰነዱን ቁጥርና የተሰጠበትን ቀን ግን በእጁ ያቆያል። ምትክ ለመጠየቅ ይህ ትልቅ መነሻ ነው።

አገሪቱ ከዳያል አፕ ወደ ሞባይል ኢንተርኔት ተሸጋግራለች፤ ከመስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮም ሁለተኛ የቴሌኮም ኦፕሬተር በይፋ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል። መስመሩ ፈጥኗል፤ አማራጩም ሰፍቷል። ማን ላከ፣ መቼ ወጣ፣ ቀሪውስ የት አለ የሚሉት የመዝገብ ቤት ጥያቄዎች ግን አልተለወጡም። ማመልከቻን በኢሜይል ብቻ ለመቀበል የሚያስብ መሥሪያ ቤት፣ ባለጉዳዩ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በራሱ አድራሻ መመለስ የሚችል መሆኑን አስቀድሞ ሊያጤን ይገባል። እስከዚያው ድረስ የወረቀቱ በር ተከፍቶ መቆየቱ፣ በወረዳ ደረጃም ባለጉዳዩ አድራሻውን በራሱ ስልክ ቁጥር እንዲከፍት የሚያግዝ ሠራተኛ መኖሩ፣ ከቆሼ የሚወጣው ደብዳቤ በወጪ ሣጥን እንዳይቀር ያደርጋል።